የነርስነት መሰላል፤ ከድሬሰር እስከ ዲግሪ

በጅማ ከተማ፣ በመንደራ ቆጪም ሆነ በሌላ ሰፈር፣ ማለዳ ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው ነጭ ልብስ በክንዳቸው ይዘው ወደ ሥራ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ቢያይ አይደነቅም። አንደኛይቱ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የተመረቀች ወጣት ነርስ ናት። ሁለተኛይቱ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ፣ በዲፕሎማ ተመርቃ ብዙ ዘመን በጤና ጣቢያ ያገለገለች ነርስ ናት። በሽተኛው ሁለቱንም «ሲስተር» ብሎ ይጠራቸዋል፤ በእጃቸው ያለውን መድኃኒት እንጂ በመሳቢያቸው ያለውን ወረቀት አይጠይቅም። ደመወዙ፣ ሹመቱና የሚቀጥለው ትምህርት ግን የሚወሰነው በዚያው በወረቀቱ ነው።

አስቀድሞ በሬዲዮ ያሰማሁትና አሁን በዚህ ገጽ የቀረበው ንግግር የተነሣው ከዚህ ነገር ነው። ይኸውም፥ በታችኛው ማዕርግ የተማረና ያገለገለ ነርስ ወደሚቀጥለው ማዕርግ ለመውጣት በፈለገ ጊዜ፣ አስቀድሞ የተማረው ትምህርት እንዴት ይቈጠርለታል? እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራልን? ወይስ ከደረሰበት ይቀጥላል? እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ የራሴም የትምህርት መሰላል በሁለተኛ ደረጃ የቆመ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የነርሶች ብቻ ሳይሆን የበሽተኛው ሁሉ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ተከትለን ብንመረምረው መልካም ነው።

በመጀመሪያ ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር እንዳይመስለን አሳስባለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ያልፋል። ከጐጃም ተነሥቶ ወደ ጎንደር የተሻገረ እንደ ሆነ፣ አዲሱ መምህር «ከሀ ሁ ጀምር» አይለውም፤ አስነብቦና አሰምቶ ችሎታውን ከመዘነ በኋላ ከደረሰበት ያስቀጥለዋል እንጂ። ድጓን የዘለቀ ሰው ደግሞ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። በጅማና በአካባቢዋም የእስልምና ትምህርት እንደዚሁ ነው፤ ደረሳው በአንድ ሸኽ እግር ሥር ተቀምጦ ኪታቡን ከፈጸመ በኋላ ለሌላው ኪታብ ወደ ሌላ ሸኽ ይሄዳል፤ ያስተማረውም ሸኽ ለመማሩ ምስክር የሚሆን ኢጃዛ ይሰጠዋል። እንግዲህ አባቶቻችን ሁለት ነገር ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንደኛ፥ የተማረውን ሰው እንዳልተማረ መቍጠር በደል ነው። ሁለተኛ፥ ተማርሁ ያለውን ሁሉ ሳይፈትኑ መቀበል ስንፍና ነው። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሚፈልግ ነው።

አሁን ወደ ነርስነት ታሪክ እንመለስ። በአገራችን በሽተኛን ማስታመም የእናት፣ የእኅትና የጎረቤት ሥራ ሆኖ የኖረ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ፣ ልዩ ልዩ ሚሲዮኖችም በየጠቅላይ ግዛቱ የሕክምና ቦታ ከከፈቱ በኋላ፣ ነርስ የሚባሉት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ከሐኪሙና ከነርሷ አጠገብ ቆሞ ቁስል ማጠብ፣ መጠቅለልና መርፌ መውጋት የለመደው ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ማለት በቃሉ ትርጓሜ ቁስል ጠቅላይ ማለት ነው፤ ነገር ግን በገጠር ያለው ሕዝብ «ሐኪሙ» ብሎ ይጠራው ነበር። ሐኪም በሌለበት አገር ትኵሳት የያዘውን ሕፃንም፣ በስለት የተመታውን ሰውም የሚያየው እርሱ ስለ ነበረ፣ ስሙ በከንቱ የተሰጠው አልነበረም።

ነርስነት በትምህርት የሚገኝ የተከበረ ሞያ መሆኑን ለሕዝቡ በግልጽ ካሳዩት ኢትዮጵያውያት መካከል ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይገኛሉ። በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ምስክር ወረቀታቸውን አገኙ፤ ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል አገለገሉ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ብዙ ሳይቈዩ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት (ነቀምት) ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የታነጸው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ በዚያም ነርሶች ይሠለጥኑ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1949 የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ በኋላ የካቲት 12 በተባለው፣ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ትምህርቱ የሦስት ዓመት ነበር።

ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። የሦስት ዓመቱ ትምህርት በተከፈተ ጊዜ ድሬሰሮቹ አልጠፉም፤ በየክሊኒኩ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። በዚያው ዘመን ለድሬሰሮችም ሥልጠና ተሰጠ፤ ኋላም የጤና ረዳት የሚባል ሌላ ማዕርግ ተጨመረ። ሁሉም ለሕዝቡ የሚያስፈልጉ ነበሩ። ነገር ግን እያንዳንዱ ማዕርግ ለብቻው እንደ ተሠራ ቤት ነበር፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያስገባ በር አስቀድሞ አልታሰበለትም ነበር። የመሰላሉ ችግር ከዚያ ይጀምራል፤ ደረጃዎቹ ተሠሩ፣ ደረጃዎቹን የሚያያይዘው ቋሚ እንጨት ግን ዘገየ።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት አዲስ አሳብ መጣ። በደምቢያ እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ስለ ፈጀ፣ ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ እንደማይቻል ግልጽ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በጎንደር የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ባንድነት ተምረው ባንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላኩ ተደረገ። በዚህ ሥራ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት ረድተዋል። ይህ ለአገሪቱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነርሷም ከሆስፒታል ግድግዳ ወጥታ ወደ መንደር እንድትሄድ ያደረገ እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጅማ እንሂድ። ጅማ ከጥንት ጀምሮ የገበያና የነጋዴ አገር ናት። የሂርማታ ገበያ ዝናው በሩቅ የተሰማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋርም በጅሬን ኰረብታ ላይ ተቀምጠው ነጋዴውን ያስተናግዱ ነበር። ከጅማ ወጥቶ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሸቤ የሚሄድ መንገደኛ የሚያልፈው በቡና ጥላ ሥር ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ለቀማ ፍለጋ ሰው ከየአገሩ ይሰበሰባል፤ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ በሽታም ይሰበሰባል። ወባው፣ ተቅማጡ፣ ከዛፍ የወደቀው ለቃሚ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ሁሉም ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣሉ። ስለዚህ የቡና አገር ነርስ በአንድ ቀን የምታየው ብዙ ነው።

የጅማን ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ያቋቋሙት የኢጣልያ ወራሪዎች ናቸው፤ ያቋቋሙትም ለወታደሮቻቸው ሕክምና ነበር። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ሆስፒታሉ የራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተሰጥቶት ሕዝቡን ማገልገል ጀመረ፤ በደርግ ዘመን የጅማ ሆስፒታል ተባለ፤ በመጨረሻም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠቃለለ። ለጠላት ወታደር የተሠራ ቤት የአገሬው ነርስ የምትማርበት ቤት ሆነ ማለት ነው።

በ1966 ዓ.ም. ለውጡ ከመጣ በኋላ የነርስነት ትምህርት እንደ ገና ታየ። የገጠሩ ሕዝብ ብዛትና የነርሶቹ ቍጥር ማነስ ሊመጣጠን ስላልቻለ፣ አገልግሎት ያላቸው የጤና ረዳቶች አጠር ባለ ሥልጠና ወደ ነርስነት እንዲያልፉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ በሆስፒታልም በጤና ጣቢያም ለመሥራት የሚችል ሁለገብ ነርስ የሚሠለጥንበት ሥርዐተ ትምህርት ተዘጋጀ። ከመሰላሉ አንጻር ሲታይ ይህ ዘመን ልብ ሊባል ይገባዋል። የጤና ረዳቱ «አንተ የታችኛው ቤት ሰው ነህ» ተብሎ በዚያው አልቀረም፤ ያገለገለው ዘመን ዋጋ ያለው ሆኖ ተቈጠረለት፤ በሩ ተከፈተ። ምክንያቱ የሰው ኃይል እጥረት እንደ ነበረ አይካድም፤ ሆኖም ችግር ያስተማረውን ነገር ጥጋብ ሊያስረሳው አይገባም።

ከዚያም በ1975 ዓ.ም. የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ይህ ተቋም በአገራችን የታወቀበት አንድ ፍልስፍና አለው፤ ይኸውም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ነው። የሐኪም ተማሪው፣ የነርሱ ተማሪ፣ የመድኃኒት ቀማሚውና የላቦራቶሪው ተማሪ በቡድን ሆነው እንደ አጋሮ፣ እንደ አሰንዳቦና እንደ ሸቤ ወዳሉ ከተሞች ይላካሉ፤ በዚያም ለሳምንታት ተቀምጠው የሕዝቡን ኑሮ ያጠናሉ፣ በሽተኛ ያያሉ፣ ጕድለቱን መዝግበው መፍትሔ ይፈልጋሉ። ይህም ሁሉ እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ትምህርት ይቈጠራል፤ ውጤት ይሰጥበታል። በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተከፈተው ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲባልም ይኸው ፍልስፍና አልተለወጠም። በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶችም ወደ ዲግሪ የሚያልፉበት ትምህርት በጅማ ተሰጥቷል።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ተማሪው በአጋሮ ለጥቂት ሳምንታት ተቀምጦ የሠራው ሥራ ትምህርት ነው ተብሎ ከተቈጠረለት፣ በዚያው በአጋሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጠችው፣ ተማሪውን ተቀብላ ሥራውን ያሳየችው ነርስ የሠራችው ምን ተብሎ ይቈጠር? በጥያቄው ውስጥ ፌዝ የለበትም። የጅማ ትምህርት ራሱ «መንደሩ ትምህርት ቤት ነው» ብሎ ከተነሣ፣ ከመንደሩ ትምህርት ቤት የወጣችውን ሰው መመዘን ግዴታው ይሆናል።

የዛሬው ሁኔታ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ውስብስብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት ከዐሥረኛ ክፍል ላይ ከከፈለው በኋላ፣ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሶ ሦስት ዓመት በመማር ይገኝ የነበረው ዲፕሎማ በብዙ የጤና ኮሌጆች ተስፋፋ፤ የጤና ረዳትነት ሥልጠናም ቆመ። ቀጥሎ የቴክኒክና ሞያ ትምህርት በደረጃ ሲከፋፈል የነርስነቱ ዲፕሎማ «ደረጃ አራት» ተባለ፤ ከምረቃውም ሌላ የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ተጨመረበት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ከየቀበሌው የተመረጡ ሴቶችን አሠልጥኖ አሰማራ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኋላ ከደረጃ ሦስት ወደ ደረጃ አራት አድገዋል። በዩኒቨርሲቲ በኩል ደግሞ የመጀመሪያው ዲግሪ የአራት ዓመት ትምህርት ሆኖ፣ ከዚያ በላይ የሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል።

ታዲያ ሁለቱ ወገኖች፣ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው፣ ትምህርትን የሚለኩበት መስፈሪያ አንድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የሚለካው በክሬዲት ነው። ክሬዲት ማለት የትምህርት ክብደት መለኪያ ነው፤ በተለመደው አሠራር አንድ የክሬዲት ሰዓት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በየሳምንቱ የሚሰጥ የአንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት ነው፤ ለተግባር ትምህርት ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት እንደ አንድ ይታሰባል። የደረጃ ትምህርት ግን የሚለካው በሥራ ችሎታ ነው፤ ሠልጣኙ ሥራውን ሠርቶ ያሳያል፤ መዛኙም «ብቁ ነው» ወይም «ገና ብቁ አይደለም» ይላል። አንደኛው የጊዜን ብዛት ይቈጥራል፤ ሁለተኛው የእጅን ሥራ ይመለከታል።

ይህ ነገር ለቡና አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። አንዱ ቡናውን በፈረሱላ ሰፍሮ ሲያመጣ ሌላው በኪሎ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ሁለቱም ስለሚያውቁ ገበያው አይፈርስም። በፈረሱላ የመጣውን ቡና «በኪሎ አልተመዘነምና ቡና አይደለም» የሚል ነጋዴ ቢኖር ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር። እንደዚሁም አንድ ጊዜ የተፈለፈለ ቡና ባለቤቱ ስለ ተለወጠ ብቻ ተመልሶ ወደ መፈልፈያ አይገባም። ለነርስነትም የሚያስፈልገው እንደዚህ ያለ የታወቀ ስሌት ነው፤ በደረጃ አራት የተማሩት የአካል አቋም ትምህርት፣ የመሠረታዊ ነርስነት ተግባር፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ እያንዳንዱ በዲግሪው ሚዛን ስንት ክሬዲት ይሆናል የሚለው አስቀድሞ ተጽፎ መታወቅ አለበት።

ምሳሌ እንዲሆነን አንዲት ነርስ በአሳባችን እንውሰድ። በመንደራ ቆጪ ትኖራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ በደረጃ አራት ተመርቃ ምዘናውን አልፋለች፤ ስምንት ዓመትም ሠርታለች። ዲግሪ ለመማር ብትነሣ በፊቷ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው፥ እንደ አዲስ ተማሪ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አራት ዓመት መማር ነው። ይህን ብታደርግ ሙቀት መለካትንና የደም ግፊት ማየትን እንደ ገና ትማራለች፤ ጤና ጣቢያው ሠራተኛ ያጣል፤ ቤቷም ደመወዝ ያጣል። ሁለተኛው፥ ስምንት ዓመት ሠርታለችና ዲግሪውን በጥቂት ወራት እንስጣት የሚለው ነው። ሦስተኛው፥ የተማረችው ተመዝኖ ይቈጠርላት፣ የጐደላት ብቻ ይሞላላት የሚለው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን በበሽተኛው ላይ የሚደረግ ቸርነት የለም። ብዙ ዓመት መሥራት ብቻውን ብዙ መማር አይደለም። አንድ ሠራተኛ የታዘዘውን መድኃኒት ለዓመታት ሳይሳሳት ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ምን ጕዳት እንደሚያመጣ፣ ለሕፃኑ በክብደቱ መጠን እንዴት እንደሚሰላ ካልተማረ፣ ያልተለመደ ነገር በመጣ ቀን ይደናገራል። ዲግሪው የሚጨምረው ይህንን ነው፤ የመድኃኒትን ጠባይ፣ የሰውነትን አሠራር በጥልቀት፣ ምርምርንና የስታቲስቲክስን ስሌት፣ ሰውን መምራትንና ማስተማርን። ይህን መዝለል አይቻልም። ስለዚህ ነው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሞያዎች የሥራ ፈቃድ ፈተና መሰጠት የጀመረው፤ በ2015 ዓ.ም.ም በዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና የተደነገገው። ፈተናው የመጣው ሰውን ለመጣል ሳይሆን በሽተኛውን ለመጠበቅ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ሦስተኛው መንገድ ሆኖ ይገኛል። ሥራውም አራት ክፍል አለው። በመጀመሪያ የትምህርት ማስረጃው ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ትምህርት ዝርዝር ይዘት ይታያል፤ «አናቶሚ» የሚለው ስም በሁለት ትምህርት ቤት አንድ ሊሆን ሲችል ውስጡ ግን ሊለያይ ይችላልና። ሁለተኛ፥ ይዘቱና ሰዓቱ የተቀራረበው ትምህርት በቀጥታ ይቈጠራል። ሦስተኛ፥ በሥራ ተምሬዋለሁ የሚባለው በጽሑፍና በተግባር ፈተና ይመዘናል፤ ያለፈ ይቈጠርለታል፤ ያላለፈ ይማራል። አራተኛ፥ ከሁለቱ ትምህርቶች መካከል ያለው ጕድጓድ በመሸጋገሪያ ትምህርት ይሞላል። ይህ ሁሉ ሲደረግ የትምህርቱ ዘመን ከአራት ዓመት ያንሳል፤ የምስክር ወረቀቱ ክብር ግን አያንስም።

በዚህ ነገር የተቸገርን እኛ ብቻ አይደለንም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1943 በወጣው ሕግ ከተመዘገበችው የሦስት ዓመት ነርስ በታች ሌላ ሁለተኛ መዝገብ ተከፈተ፤ ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነበር። ከካሪቢያን ደሴቶችና ከሌሎች አገሮች ለመማር የሄዱ ብዙ ሴቶች ወደዚህ ወደ ሁለተኛው መዝገብ ተመሩ፤ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ለመመለስ ባሰቡ ጊዜ ግን ማዕርጉ በአገራቸው እንደ ሙሉ ነርስነት የማይቈጠር ሆኖ አገኙት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያ ትምህርት እንዲቀር ሲወሰን፣ በሁለተኛው መዝገብ ለነበሩት ወደ መጀመሪያው የሚያሻግር ትምህርት ማዘጋጀት ግድ ሆነ።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1952 ሚልድረድ ሞንታግ የተባሉት መምህርት በኮሌጅ የሚሰጥ አጠር ያለ የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። የመጀመሪያው አሳባቸው ይህ ትምህርት በራሱ የተፈጸመ እንዲሆን ነበር እንጂ የሌላ ትምህርት መጀመሪያ እንዲሆን አልነበረም። ዘመኑ ግን ሌላ ጠየቀ፤ የኮሌጁ ምሩቃን ዲግሪ መፈለጋቸው ስላልቀረ፣ ሥራ ላይ ያለውን ነርስ ወደ ዲግሪ የሚያደርስ ልዩ መንገድ በየዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ከሁለቱም አገር የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። «ይህ ማዕርግ የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ ወዲያ አይኬድም» ተብሎ የተሠራ ደረጃ ሁሉ ኋላ ድልድይ ሳይሠራለት አይቀርም፤ ድልድዩን አስቀድሞ የሠራ ግን ጊዜንም ሰውንም ያተርፋል።

ከአገራችን ወጥተው በውጭ የሚሠሩ ነርሶችም ይህንኑ ያውቃሉ። ወደ አሜሪካ የሄደች ኢትዮጵያዊት ነርስ ማስረጃዋ ሲመረመር፣ የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ነርስነትን፣ የወሊድን፣ የሕፃናትንና የአእምሮ ሕሙማንን ትምህርት በክፍልና በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ስንት ሰዓት እንደ ተማረች ትጠየቃለች። የሰዓቱ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት በእጇ ካለ ነገሩ ይቀናል፤ ከሌለ ግን ዕውቀቷ በራሷ ውስጥ ሳለ እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ በጅማም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለው ነርስ የትምህርቱን ዝርዝር፣ የተግባር መዝገቡን፣ የብቃት ማረጋገጫውንና የአገልግሎት ማስረጃውን እንደ ርስት ደብዳቤ አክብሮ ሊያስቀምጥ ይገባዋል። ኮሌጆችም የድሮ ተማሪያቸው መዝገብ በምስጥ እንዳይበላ የመጠበቅ አደራ አለባቸው፤ የተማሪው መሰላል የቆመው በእነርሱ መዝገብ ላይ ነውና።

አሁንም ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርቱ ቢቈጠር እንኳ ነርሷ ልጆቿንና በሽተኞቿን ጥላ ሩቅ አገር እንድትሄድ ከተገደደች፣ በሩ ተከፍቶ ደጃፉ እንደ ተዘጋ ያህል ነው። ከጅማ ርቀው በሊሙና በጌራ ለሚሠሩት በክረምት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወይም በዚያው በሚሠሩበት ጤና ጣቢያ መምህር ተመድቦ ትምህርቱ ቢሰጥ፣ ከጅማ ፍልስፍና ጋር የሚስማማ ነው። ተማሪውን ወደ መንደር የላከ ትምህርት ቤት መምህሩንም ለመላክ አይቸገርም።

ይህ ነገር የነርሷ ጥቅም ብቻ ነውን? አይደለም። ወደ ላይ መውጣት እንደማይቻል ያወቀ ሠራተኛ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ሞያውን ትቶ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ወይ በስፍራው ተቀምጦ ልቡ ይሄዳል። ሁለቱም ለበሽተኛው አንድ ናቸው። ሌሊት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ከቡናው ጫካ ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣ ሴት የምትፈልገው፣ ብዙ ያየ እጅና ብዙ የተማረ አእምሮ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ማግኘት ነው። ልምድ ያላትን ነርስ ከትምህርቱ ደጅ የመለስናት እንደ ሆነ፣ እጁን ከአእምሮው የለየን እኛ ነን።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከድሬሰሩ ዘመን እስከ ዛሬ የነርስነትን ታሪክ ስንመለከት፣ አገራችን ደረጃ ለመሥራት የሰነፈችበት ጊዜ የለም። ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሁለገብ ነርስ፣ ዲፕሎማ፣ ደረጃ አራት፣ ዲግሪ፥ እያንዳንዱ በጊዜው ሕዝብን አድኗል። የቀረው ሥራ እነዚህን በሚገባ ማያያዝ ነው። የአብነቱ መምህር እንግዳውን ተማሪ አስነብቦ ከደረሰበት እንዳስቀጠለው ሁሉ፣ የዘመኑ ትምህርት ቤትም ነርሷን «የት ድረስ ተምረሻል? ምን ታውቂያለሽ? እስኪ አሳዪን» ብሎ ይቀበላት፤ ያወቀችውን ይቍጠርላት፣ የጐደላትን ይሙላላት። የዚያን ጊዜ ማለዳ በጅማ መንገድ ላይ የምናያቸው ሁለቱ ሴቶች፣ ወጣቲቱም ጸጉረ ሽበቷም፣ በአንድ መሰላል ላይ የሚወጡ እኅትማማቾች ይሆናሉ፤ «ሲስተር» የሚለውም ስም ለሁለቱም በእውነት የተገባ ይሆናል።